አዳማ በትንንሽ ዓምዶች

የባንክ የሐራጅ ማስታወቂያን እንደ ጽሑፍ ቁጭ ብሎ የሚያደንቅ ሰው ብዙ አይገኝም። እኔ አደንቃለሁ። በአዲስ ዘመን ወይም በሪፖርተር የውስጥ ገጾች፣ ዓይን በሚያስጨንቅ ጥቃቅን ፊደል፣ በሠንጠረዥ ተከፋፍሎ ይወጣል። የተበዳሪው ስም፣ የንብረት አስያዡ ስም፣ ንብረቱ የሚገኝበት ከተማና ቀበሌ፣ የቤት ቁጥር፣ የካርታ ቁጥር፣ የቦታው ስፋት በካሬ ሜትር፣ ለመኖሪያ ወይስ ለድርጅት እንደሚያገለግል፣ የሐራጁ መነሻ ዋጋ፣ ቀኑና ሰዓቱ ይደረደራሉ። ከሥሩ ተጫራቹ የመነሻ ዋጋውን አንድ አራተኛ በሲፒኦ አስይዞ እንዲቀርብ ይነገረዋል። ቅጽል የለበትም፤ ማጋነን የለበትም። ያዘጋጀው የባንክ ሠራተኛ አንዲት ቁጥር ቢያፋልስ ሐራጁ ክስ ሊያስከትል እንደሚችል ያውቃል። ከዚያ ጥንቃቄ የተነሣ፣ ስለ አንድ ቤት አድራሻና ስፋት ብትጠይቁኝ፣ ከፊት ገጹ ዜና ይልቅ ያንን ሠንጠረዥ አምናለሁ።

ይህን የምለው አዳማን እያሰብኩ ነው። ጎንደርን ሊያጠና የተነሣ ሰው ዜና መዋዕል፣ ገድል፣ በወንጌል ኅዳግ ላይ የሰፈረ የመሬት ስጦታ ይጠብቀዋል። አዳማ ይህ የላትም። በ1895 ዓ.ም ድሬዳዋ ደርሶ በ1909 ዓ.ም አዲስ አበባ የገባው የባቡር ሐዲድ ካበቀላቸው ከተሞች አንዷ ናት። ከሐዲዱ በፊት በዚያ ምድር ከብት ያረቡ የነበሩት ኦሮሞዎች ታሪካቸውን ያቆዩት በቃል ነው። ስለዚህ ከተማዋ በጽሑፍ የምትገኘው በባቡር ኩባንያው መዝገብ፣ በማዘጋጃ ቤቱ ፋይልና በጋዜጣ ነው። ከሦስቱ ማንም ሰው ሳይለማመጥና የድጋፍ ደብዳቤ ሳያጽፍ ሊያየው የሚችለው ጋዜጣውን ነው። የአዳማ ዜና መዋዕል ጋዜጣ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም፤ ልዩነቱ ይህን ዜና መዋዕል የጻፉት ሰዎች ዜና መዋዕል እየጻፉ መሆናቸውን አለማወቃቸው ነው።

ባለማወቃቸውም ነው የሚጠቅመን። ዜና፣ ርዕሰ አንቀጽ፣ ሐተታ፣ የአንባቢ ደብዳቤ፣ ማስታወቂያ፣ የሐዘን መግለጫና ከፎቶ ሥር የምትቀመጥ አንዲት መስመር በአንድ ወረቀት ላይ ይታተሙ እንጂ ለአንድ ዓላማ አልተጻፉም። ሙያውን የተካነ ተመራማሪ ጽሑፉ የሚለውን ከመቀበሉ በፊት፣ ጸሐፊው መዋሸት የማይጠቅመው በምን ላይ እንደሆነ ይጠይቃል። ነጋዴ ስለ ጨርቁ ጥራት ያጋንናል፤ ስለ ሱቁ አድራሻ ግን አይዋሽም፤ ቢዋሽ ገዢው አያገኘውም። ርዕሰ አንቀጽ የአገሩን ሁኔታ ያቆነጅ ይሆናል፤ መንግሥት በዚያ ሳምንት ምን እንዲታሰብ ይፈልግ እንደነበር ግን በትክክል ይነግረናል።

ይህን ጥበብ ከሁሉ ጠልቀው የሠሩበት በደል የደረሰባቸው ሰዎች ይመስሉኛል። በአሜሪካ በባርነት ዘመን ጌቶች ያመለጣቸውን ሰው ለማስያዝ በጋዜጣ ማስታወቂያ ያወጡ ነበር። እንዲያዝላቸው ስለሚፈልጉ ቁመናውን፣ የሚናገረውን ቋንቋ፣ የሚያውቀውን ሙያ፣ በጀርባው ላይ ያለውን የጅራፍ ጠባሳ ሳይቀር ይዘረዝሩታል። ዛሬ የታሪክ ሰዎች በሌላ መዝገብ ዱካቸው የጠፋ ሰዎችን የሚያገኙት በእነዚያ ማስታወቂያዎች ነው፤ ጌታው ስለ ራሱ ጭካኔ በገዛ ገንዘቡ ምስክርነት አሳትሞ ሄደ። ጋዜጠኛዋ አይዳ ቢ. ዌልስም በ1895 እ.ኤ.አ. በጥቁሮች ላይ የሚፈጸመውን የመንጋ ግድያ ስታጋልጥ ቁጥሩን የወሰደችው ከነጮቹ ጋዜጣ ከቺካጎ ትሪቡን ነው። ከጥቁሮች ጋዜጣ ብትወስደው አጋነነች ይሏት ነበር። የማስረጃ ምርጫ ሲያምር እንዲህ ነው።

ወደ ሐራጁ እንመለስ። በ1990 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 97 ባንኮች በመያዣ የያዙትን ንብረት ፍርድ ቤት ሳይሄዱ እንዲሸጡ ከፈቀደ ወዲህ ይህ ዓምድ የጋዜጦቻችን ቋሚ ነዋሪ ሆኗል። አንድ ተማሪ የሃያ ዓመቱን ሰብስቦ ከአዳማ፣ ከሞጆ፣ ከባቱና ከሻሸመኔ የወጡትን ብቻ ለይቶ በዓመትና በቀበሌ ቢደረድራቸው ምን እንደሚያገኝ አስቡት። የመሬት ስፋት አለ፤ የመነሻ ዋጋ አለ፤ የቤቱ አገልግሎት አለ። የትኛው ሰፈር መቼ የሆቴል ሰፈር እንደሆነ፣ የትኛው መንገድ ዳር መጋዘን እንደበዛ፣ የካሬው ዋጋ በየትኛው ዓመት እንደተስፈነጠረ ከሠንጠረዡ ይወጣል። የተጣራ ሥራ የሚታወቀው ግን ከዚህ በኋላ ነው። ይህ ዓምድ የሚያሳየው የከሸፉትን ብቻ ነው። ብድሩን በጊዜው ከፍሎ የጨረሰ ባለ ሆቴል ሐራጅ ላይ አይወጣም። ይህን የረሳ ተማሪ አዳማን የኪሳራ ከተማ አድርጎ ይጽፋታል። ያልረሳው ደግሞ ለሚዛን የክፍት ሥራ ቦታ ማስታወቂያዎችን ከጎኑ ያስቀምጣል፤ እነዚያ የሚቀጥሩትን፣ ማለትም ያልወደቁትን፣ ያሳያሉ፤ ደመወዙንና የሚጠየቀውን የትምህርት ደረጃ አብረው ይናገራሉ። እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል፤ በሐራጅ ዓምድ የወጣ የግለሰብ ስም ለጥናት አያስፈልግም። ቀበሌው ይበቃል፤ ስሙ ይቅር።

የጨረታ ማስታወቂያ ሌላ ጠባይ አለው። ሐራጅ ያለውን ይናገራል፤ ጨረታ ሊሆን የታሰበውን። ማዘጋጃ ቤቱ የጌጠኛ ድንጋይ መንገድ ሊያስነጥፍ፣ ትምህርት ቤቱ ወንበር ሊገዛ፣ ሆስፒታሉ ጄነሬተር ሊያስመጣ ይላል። መንገዱ መነጠፉን፣ ወንበሩ መገዛቱን ግን አይነግራችሁም። አንዳንዴ ያው ጨረታ ከወራት በኋላ «በድጋሚ የወጣ» ተብሎ ይመለሳል፤ ያች «በድጋሚ» ሙሉ ሐተታ የሚወጣት ናት። ተጫራች ጠፍቶ ነው? ዋጋ ንሮ ነው? ባጀት ታጥፎ ነው? ማስታወቂያው ዝም ይላል፤ ተመራማሪው ግን በሩ የት እንደሆነ አወቀ ማለት ነው፤ ቀጥሎ የሚሄደው ወደ መሥሪያ ቤቱ ፋይል ነው።

የምረቃ ዜና የሚባለውን ደግሞ አዳማና ጎረቤቶቿ በደንብ ያውቁታል። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም ሥራ ጀመረ። ጣሊያን በ1947 እ.ኤ.አ. የሰላም ውል ለኢትዮጵያ እንድትከፍል ከተወሰነባት የጦርነት ካሣ የተሠራው የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም ተጠናቀቀ። የአዳማ አንድ የነፋስ ኃይል ማመንጫ 51 ሜጋ ዋት፣ አዳማ ሁለት 153 ሜጋ ዋት። እንዲህ ያለው ዜና በየትኛውም መንግሥት ዘመን አሠራሩ አይለወጥም፤ መጀመሪያ መራቂው በሙሉ ማዕረጉ፣ ቀጥሎ ንግግሩ፣ ከዚያ የወጪው ቁጥር፣ መጨረሻ ላይ የአካባቢው ነዋሪ ምስጋና። አሰልቺ ነው፤ ግን በአሰልቺነቱ ውስጥ ሥርዓት አለው፤ ሥርዓቱን የሚያውቅ ሰው ቁም ነገሩ ከአራተኛው አንቀጽ በታች እንደሚጀምር ያውቃል። ኮንትራክተሩ ማን እንደነበር፣ ማሽኑ ከየት እንደመጣ፣ ስንት ሰው እንደተቀጠረ የሚገኘው እዚያ ነው። የፎቶውን መግለጫም አይዘልም፤ ቆመው የታዩት ሰዎች በማዕረግ ቅደም ተከተል ስለሚጠሩ በዚያች ዕለት ማን ወደ ሥልጣን እንደቀረበ፣ ማን እንደራቀ ይነበብባታል።

ከቁጥሮቹ ጋር ግን ጠንቀቅ ነው። ሜጋ ዋቱ ማመንጨት የሚችለው ነው እንጂ ያመነጨው አይደለም፤ ነፋስ ሁልጊዜ አይነፍስም። የምረቃ ዜና አቅምን ይጽፋል፤ ምርቱን የሚፈልግ ሰው የዓመቱን መጨረሻ ሪፖርት መጠበቅ አለበት። ሌላው ወጥመድ የቀን አቆጣጠር ነው። የአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ የተመረቀው በመስከረም 2007 ዓ.ም ነው፤ አዳማ ሁለት የተመረቀው በግንቦት 2007 ዓ.ም። በአማርኛው ጋዜጣ ሁለቱ የአንድ ዓመት ልጆች ናቸው፤ በእንግሊዝኛው ኢትዮጵያን ሄራልድ ግን አንደኛው 2014፣ ሁለተኛው 2015 ነው። ከዓመቱ ላይ ሁልጊዜ ሰባት ወይም ሁልጊዜ ስምንት እየቀነሰ የሚሄድ ተማሪ ከሁለቱ አንዱን ያበላሻል። ጥሩ ተመራማሪ ቀኑን እንደታተመ ይገለብጣል፤ ስሌቱን በጎን ያደርጋል፤ ሁለቱንም ያስቀምጣል።

የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ዜና ደግሞ ሁልጊዜ አገር ውስጥ አይገኝም። ወንጂን የመሠረተው ኤችቪኤ የሚባለው የአምስተርዳም ኩባንያ ነበር። ኩባንያው ባለ አክሲዮኖች ነበሩት፤ ባለ አክሲዮን ደግሞ በየዓመቱ ሒሳብ ይጠይቃል። ስለዚህ በአዋሽ ዳር ስለ ተቆረጠ ሸንኮራ የሚናገር ወሬ በኔዘርላንድ ጋዜጦች የገንዘብ ገጽ ላይ መፈለግ አለበት። እነዚያን ጋዜጦች የኔዘርላንድ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ዴልፈር በሚባለው ክምችቱ ውስጥ ስካን አድርጎ ለማንም ክፍት አድርጓቸዋል። አዳማ ቁጭ ብሎ «ወንጂ» ብሎ መፈለግ ይቻላል። የእኛው ጋዜጣ ስለ ፋብሪካው ሲጽፍ ዓይኑ በልማቱ ላይ ነው፤ የእነርሱ የገንዘብ ገጽ ዓይኑ በትርፉ ላይ ነው። ትርፍ የሚቆጥር ሰው ስለ ምርት መቀነስ ዝም አይልም፤ ያ ለተመራማሪ በረከት ነው። አገዳ ቆራጩን ግን ከሁለቱም ገጽ ማግኘት ያስቸግራል። በወንጂ የጉድጓድ ውኃ ውስጥ ያለው ፍሎራይድ የሠራተኞችን ጥርስ እንዳበለዘ፣ የአንዳንዶችን አጥንት እንዳጎበጠ ዛሬ በሕክምና የታወቀ ነው፤ የፋብሪካ ምረቃ ዜናም ሆነ የአክሲዮን ዘገባ ግን ስለዚህ እንዲናገር የተሠራ አይደለም። ለዚህ የሐኪሞችን ጽሑፍና አዛውንቶቹን ራሳቸውን መጠየቅ ነው።

ጋዜጣ የሚረሳ ፍጥረት መሆኑም ሊዘነጋ አይገባም። እምቦጭ በአገራችን መኖሩ መጀመሪያ የታወቀው በ1965 እ.ኤ.አ. በቆቃና በአዋሽ ላይ ነው። አረሙ ከዓመታት በኋላ ጣና ላይ ሲወጣ አገሩ ሁሉ ስለ እሱ ጻፈ፤ ከጽሑፎቹ ብዙዎቹን ያነበበ ሰው አረሙ ትናንት የመጣ ይመስለዋል። የጋዜጠኛ ትዝታ የአንድ ሳምንት ነው፤ የዓመታቱን ትዝታ የሚሠራው ጥራዙን የሚያገላብጠው ሰው ነው። በመተሐራ ያለው የበሰቃ ሐይቅ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። ከስድሳ ዓመት በፊት ስፋቱ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ ዛሬ ከ40 በላይ ሆኗል። የስፋቱን ልክ ከአየር ፎቶና ከሳተላይት እናገኘዋለን፤ ለዚያ ጋዜጣ አያስፈልግም። መንገዱና ሐዲዱ ውኃ እንዳይውጣቸው ከፍ ሲደረጉ የወጣው ጨረታ፣ የግጦሽ መሬቱ በጨዋማ ውኃ የተበላበት አርብቶ አደር አቤቱታ፣ ባለሥልጣኑ «ጥናት እየተደረገ ነው» ያለበት ቀን ግን በሳተላይት አይታይም። እንዲህ ያለውን ከየዓምዱ ለቅሞ ከሳተላይቱ ምስል ጎን በየዓመቱ ያስቀመጠ ሰው ጥሩ ሥራ ሠራ እላለሁ።

በአገራችን ጋዜጣን የታሪክ ምንጭ አድርጎ መጠቀምን ማየት ለሚፈልግ፣ ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ በ2002 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ ያሳተሙትን፣ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ስለነበሩት የለውጥ ምሁራን የሚናገረውን መጽሐፍ አንሥቶ የግርጌ ማስታወሻዎቹን ብቻ ቢያነብ ይበቃዋል። ከዋና ምንጮቻቸው አንዱ በ1917 ዓ.ም የጀመረው ብርሃንና ሰላም ጋዜጣ ነው። ጋዜጣው የአልጋ ወራሹ የራስ ተፈሪ ነበር፤ ውዳሴ ሞልቶታል። ቸኩሎ የሚያነብ ሰው ውዳሴውን አይቶ «የቤተ መንግሥት ልሳን» ብሎ ይዘጋዋል፤ ወይም ተታልሎ ውዳሴውን እንዳለ ይቀበለዋል። ሥራው የሚያምረው በሁለቱ መካከል ነው። ውዳሴው የመግቢያ ወግ ነው፤ ወጉን ከከፈለ በኋላ ጸሐፊው ስለ ትምህርት፣ ስለ አስተዳደር፣ ስለ ኋላ ቀርነታችን የሚለው ይጀምራል። አንድ ስም በአንድ ዓመት ስንቴ እንደጻፈ፣ በምን ላይ እንደጻፈ፣ ማን ለማን እንደመለሰ እየተከታተሉ ከተበታተነ መጣጥፍ የአንድ ትውልድ ሐሳብ ይወጣል። የአስተያየት ጽሑፍ የሚነበበው እንዲህ ነው፤ ስለ አገሩ ሁኔታ ምስክር ከመሆኑ ይልቅ ስለ ጸሐፊው ምስክር ነው።

የአንባቢ ጥያቄ ደግሞ የራሱ ጌታ አለው፤ ጳውሎስ ኞኞ። በአዲስ ዘመን ላይ «አንድ ጥያቄ አለኝ» በተባለው ዓምዱ አንባቢ ይጠይቃል፣ ጳውሎስ ይመልሳል። መልሶቹ አጭርና ሽሙጥ ያለባቸው ስለሆኑ እስከ ዛሬ በየጨዋታው ይነሣሉ። ለተመራማሪው ግን ትልቁ ሀብት ጥያቄው ነው። አንድ የጠቅላይ ግዛት ወጣት ቴምብር ገዝቶ፣ ደብዳቤ ጽፎ ለማወቅ የፈለገው ነገር በዚያ ዘመን ሰው ምን ይገርመው፣ ምን ያስጨንቀው እንደነበር ከማንኛውም ርዕሰ አንቀጽ ይልቅ ያሳያል። የጥያቄ ዓምድን በከተማ ለይቶ፣ ከናዝሬትና ከሻሸመኔ ምን እንደተጠየቀ የሚያጠና ሰው ቢነሣ መጽሐፉን ለማንበብ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ እኔ ነኝ።

ናዝሬት ማለቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ከከተማዋ ታሪክ ብዙው ክፍል በጋዜጣ የሚገኘው በዚያ ስም ነው፤ «አዳማ» ብቻ ብሎ የፈለገ የአሥርት ዓመታት ጋዜጣ ያመልጠዋል። ባቱን በዝዋይ፣ ቢሾፍቱን በደብረ ዘይት ስም መፈለግ ያሻል። ቋንቋውም ሁለት ነው፤ በአፋን ኦሮሞ የሚታተመው በሪሳ መጀመሪያ በግዕዝ ፊደል፣ ከ1983 ዓ.ም ለውጥ በኋላ በቁቤ ወጥቷል። አማርኛውን ብቻ አንብቦ ስለ አዳማ የጻፈ ሰው ግማሽ ከተማ ጻፈ ማለት ነው። የኦሮሚያ ርዕሰ ከተማ በ1992 ዓ.ም ወደ አዳማ እንዲዛወር መወሰኑና በ1997 ዓ.ም ወደ አዲስ አበባ መመለሱ ለዚህ ትልቁ ፈተና ነው። የመንግሥቱ ጋዜጣ ውሳኔውን ይሰጣል፤ የግሉ ጋዜጣ ክርክሩን፤ በሪሳ ሌላ አንባቢ ያናግራል። የቤት ኪራይና የሽያጭ ማስታወቂያው ደግሞ ማንም ሳይጠይቀው ቢሮዎቹ ሲመጡና ሲሄዱ ከተማዋ ምን እንደተሰማት ሊነግር ይችላል። አራቱን በአንድ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ የሠራ ጥናት ቢገኝ ከአንድ የፖለቲካ ንግግር የበለጠ ያስረዳናል።

ይህን ሁሉ ለመሥራት ወረቀቱ መኖር አለበት። የጋዜጣ ወረቀት ከተፈጨ እንጨት የሚሠራ ርካሽ ወረቀት ስለሆነ ብርሃንና አየር ሲያገኘው ይቢጫል፣ ከዚያ ይሰባበራል። ጥራዞቹ በአዲስ አበባ፣ በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምና በወመዘክር ይገኛሉ፤ የአዳማ ተማሪ ግን ለአንድ የሐራጅ ገጽ መቶ ኪሎ ሜትር መሄድ አይገባውም። የአዳማ፣ የአሰላና የሻሸመኔ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ቢያንስ ስለ አካባቢያቸው የወጣውን ገጽ፣ ማስታወቂያውን ሳይቆርጡ፣ ሙሉ ገጹን ስካን አድርገው ቢያስቀምጡ ወጪው የሚከብድ አይደለም። በየቤታችሁ ከአባት ከእናት የቀረ የጋዜጣ ቁራጭ ያላችሁም፣ ዛሬውኑ በእርሳስ ሦስት ነገር ጻፉበት፤ የጋዜጣውን ስም፣ የወጣበትን ቀን፣ የገጹን ቁጥር። ቀኑ የማይታወቅ ቁራጭ ለተመራማሪ አያገለግልም።